የሌለ ዓይን ሲያም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ አንድ ታዳጊ ወንድማችን ቀረብ ብሎ «ግራ ዓይንህ መስታወት ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። ፊት ለፊት መጠየቁን ወደድኩለት። አዎ፣ መስታወት ነው። እዚህ ጀርመን ሰው ሠራሽ ዓይን በብዛት የሚሠራው ከመስታወት ነው። ባለሙያው በእሳት አቅልጦ ከጤነኛው ዓይን ጋር ያመሳስለዋል፤ እንባ እያሻከረው ስለሚሄድ በየዓመቱ ገደማ ይለወጣል።

የራሴን ዓይን ሐኪሞች ያወጡት ውስጡ በበቀለ ካንሰር ምክንያት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሕይወቴ ተርፏል። ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰሱን፣ ደረጃ ላይ መደናቀፉን በጥቂት ወራት ለመድኩት። ያልጠበቅኩት ግን የወጣው ዓይን ማመሙን ነው። ሌሊት በባዶው ቦታ መርፌ የሚወጋኝ ይመስለኛል። አንዳንዴም መብራት አጥፍቼ ስተኛ በዚያው በኩል ብልጭታ አያለሁ።

ለአንድ ወንድም ነገርኩት። «የሌለ ነገር እንዴት ያማል? ወስዋስ ነው፣ ኢማንህን አጠንክር» አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔ ግን አመንኩትና ለወራት አፌን ዘጋሁ። እንቅልፍ አጥቼ ፈጅር ሲያመልጠኝ ራሴን ሙናፊቅ አድርጌ እስከመቁጠር ደረስኩ።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ነገሩን ቀድሜ መረዳት ነበረብኝ። ከማሽን ላይ ሴንሰር ብትነቅሉ ገመዱ ይቀራል፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉም የውሸት ማንቂያ ሊደርሰው ይችላል። የዓይንን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ከማያው ነርቭ የተለየ ነው፤ ዓይን ሲወጣ ቅርንጫፎቹ ይቆረጣሉ እንጂ ነርቩም፣ መልእክቱን የሚቀበለው አንጎልም ባሉበት ናቸው። በመጨረሻ ለሐኪሟ ስነግራት ምንም አልገረማትም። ዓይናቸው ከወጣ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ያማቸዋል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ቀለል አለኝ። ሲደክመኝና ስጨነቅ ግን ዛሬም ይመጣል።

ሁለት ዓይኑን አጥቶ ለታገሠ ሰው ምንዳው ጀነት መሆኑን ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ብዙ ሰው አስታውሶኛል። (እኔ አንዱ ስላለኝ ቃሉን ለራሴ አድርጌ ለመውሰድ አልደፍርም።) ማንም ያላስታወሰኝ ሌላ ሐዲስ ግን እዚያው ቡኻሪ ውስጥ አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሷን አሟት ስታቃስት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿትም፤ እንዲያውም የእሳቸውም ራስ እንደሚያማቸው ነገሯት። ነቢዩላህ አዩብም (ዐ.ሰ) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህም በሱረቱ ሷድ ታጋሽ ብሎ አወድሷቸዋል። ታዲያ «አመመኝ» ማለት ከሰብር ያስወጣል ያለን ማን ነው? መታከምንም ያዘዙን እሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይደሉም እንዴ?

ይህን ለእናንተ ለወጣቶቹ የጻፍኩት ስለ መስታወት ዓይን ብቻ አይደለም። ከመካከላችሁ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ፣ ጀማዓው ኢማኑን እንዳይጠራጠር ብሎ የሚያመውን የደበቀ እንዳለ አውቃለሁ። ለሐኪም ይንገር፤ ከፈለገ ለእኔም ይንገረኝ፣ ኢማኑን አልመዝንም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግራችሁ፦ ሰላም ስትሉኝ እጃችሁን በቀኜ በኩል ዘርጉልኝ። በግራ ስትዘረጉ አላየውም፤ ኩራተኛ መስዬ የታየኋችሁ ካላችሁ ዓውፍ በሉኝ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።