እየተቃጠሉ መቆየት

በሲሊከን ካርባይድ ቃጫ የተጠናከረ የሲሊከን ካርባይድ ሴራሚክ ብርቱ ሙቀት የሚችለው ጥቂት ስለሚቃጠል ነው። በ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረቅ አየር ሲያገኘው በገጹ ያለው ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሲሊካ ይሆናል፤ ካርቦኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሲሊካው የመስታወት ሽፋን ሆኖ ቀጥሎ የሚመጣውን ኦክስጅን ያግዳል። ሽፋኑ በወፈረ መጠን እድገቱም ይዘገያል፤ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። እንጨት ነድዶ አመድ ሲሆን ይቀላል፤ ይህ ግን ይከብዳል፦ ከ40 ግራም ሲሊከን ካርባይድ 60 ግራም ያህል ሲሊካ ይገኛል።

ነገሩ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከራሱ እየከፈለ የሚቆይ ነገር እስከ መቼ ያው ራሱ ነው? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 የተጻፈው ቁጥቋጦ፣ ዕፀ ጳጦስ፣ ይህን ጥያቄ አያስነሣም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዕፀ ጳጦስን እሳተ መለኮትን ፀንሳ ላልተቃጠለችው ለድንግል ማርያም ምሳሌ ያደረጉት እሳቱ እየነደደበት ምንም ስላልጎደለበት ነው። ሴራሚኩ ግን የሚተርፈው ግብር እየከፈለ ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ የጻፈው ቀረብ ይላል። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ መርከቡን ቢያቆዩት፣ ፈላስፎች ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ተከራከሩበት። የአርስቶትልን መንገድ የያዘ ሰው ቁሱ ቢለወጥም ቅርጹ እስካለ ድረስ ያው ነው ሊል ይችላል። ለመርከብ ይበቃ ይሆናል። ቅርጽ ሲባል የውጭ መልክ ብቻ ከተወሰደ ግን እንደ ሴራሚኩ ከቃጫና ከያዡ ለተጣመረ ጥምር ቁስ አይሠራም።

የዚህ ቁስ ጥንካሬ ያለው በቃጫውና ቃጫውን በያዘው ሴራሚክ መካከል ባለች ስስ ንብርብር ነው። ከቦሮን ናይትራይድ ወይም ከካርቦን የምትሠራው ይህች ንብርብር ሁለቱን አላልታ ስለምታያይዝ፣ ስንጥቅ ሲመጣ ቃጫውን ሳይቆርጥ በጎኑ ያልፋል፤ ቁሱም እንደ ሸክላ በአንድ ጊዜ አይሰበርም። የሚገርመው፣ የሚያሰጋት ከፍተኛው ሙቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሲሊካው ፈጥኖ ስንጥቁን ይደፍነዋል። ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ባለው መካከለኛ ሙቀት ግን ሲሊካው ይዘገያል፤ ኦክስጅን በስንጥቁ ገብቶ ንብርብሯን ይበላታል፣ በቦታዋም ሲሊካ ገብቶ ቃጫውን ከሴራሚኩ ጋር ያጣብቀዋል። መልኩ አልተለወጠም፤ የጎደለውም ከጠቅላላው ሲታይ ኢምንት ነው። ሳንቃ የሚቆጥር ፈላስፋ ያው ነው ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ስሕተት ነው፤ ማንነቱ በክፍሎቹ መካከል በነበረው ልል ግንኙነት ላይ ቆሞ ነበርና ከግንኙነቱ ጋር ሄዷል።

በጄት ሞተር ውስጥ ደግሞ የውሃ እንፋሎት ሲሊካውን ራሱን ጋዝ አድርጎ ስለሚወስደው ክፍያው ማብቂያ የለውም። ስለዚህ እንደ ኢተርቢየም ሲሊኬት ያለ መከላከያ ከውጭ ይለበጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ሊፕ የተባለው የጄት ሞተር በተርባይኑ ክፍል የዚህ ዓይነት ቁስ ይዟል።

ከምድጃ የወጣ ናሙና ያው መሆን አለመሆኑ የሚለየው ተሰብሮ ነው፦ በስብራቱ ገጽ ላይ ቃጫዎች ተመዝዘው ከታዩ ጥምር ቁስነቱ አለ፤ ገጹ ለጥ ያለ ከሆነ ጠፍቷል።