የሟችን ሥራ መሸሸግ ይገባልን?

በዚህች ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም፣ ሰው ከሞተ በኋላ ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር የማን ነው? የሚል ነው። የሟቹ ነውን? የቤተሰቡ ነውን? ወይስ የእውነት? ይኸን የምንጠይቀው ለክርክር ያህል አይደለም። በገዛ እጃችን የፈጸምነው ነገር ስላለ ነው።

እንደምታውቁት እዚሁ መዘዞ ተወልዳ ያደገች፣ ከብዙዎቻችን ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መዝሙር ያጠናች እኅታችን በድንገት ዐርፋለች። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ በተከራየችው ክፍል ጎረቤቶቿን ደህና እደሩ ብላ ተኛች፤ ዓርብ ጧት አልተነሣችም። ዕድሜዋ ሃያ አራት ዓመት ነበር። ቅዳሜ ዕለት አስከሬኗን የያዘው መኪና በጣርማ በር ጉም ውስጥ ሲመጣ ከመንገድ ዳር ቆመን ተቀበልነው። ስሟን በዚህ ወረቀት ላይ አንጽፍም፤ የክርስትና ስሟ በጸሎተ ፍትሐቱ ተጠርቷልና ያ ይበቃል።

ሥራዋ ውሻ ማጠብ ነበር። ይኸን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ባጭሩ ለመጻፍ አርባ ቀን ፈጅቶብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ለሥራ አዲስ አበባ ገባች። በተቀጠረችበት ቤት ፀጉሩ ዐይኑን የሸፈነ ትንሽ የፈረንጅ ውሻ ነበርና እንጀራ ከመጋገሩና ልብስ ከማጠቡ ጋር እሱንም ማጠብ የእሷ ድርሻ ሆነ። እንዲህ ያለው ውሻ እንደ እኛ አገር የበግ ጠባቂ ውሻ አይደለም። ካልተበጠረ ፀጉሩ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቆዳውን ይስበዋል፤ ከሥሩም እርጥበት ይዞ ይቆስላል። ጥፍሩም ጭንጫ ላይ ስለማይሄድ አይሞረድም፤ እያደገ ይታጠፍና ሲራመድ ያመዋል። በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር አለ፤ የሚቆርጠው ሰው አንድ ጊዜ ከሳተ ይደማል፤ ከዚያ ወዲያ ውሻው እግሩን ለማንም አይሰጥም። ይኸን ሁሉ የነገረችን እሷ ናት። ኋላም ውሻና ድመት በሚታከምበት አንድ ክሊኒክ በዚሁ ሥራ ተቀጠረች። በደመወዟም ታናሽ ወንድሟን አስተማረች፤ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አለበሰች።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ፣ ወደ አገሯ ስትመጣ መቀሷንና ብሩሿን ይዛ ትመጣ ነበር። የመዘዞን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ውሃ በድስት አሙቃ፣ የጎረቤት ውሾችን አንድ በአንድ እየጠራች መዥገር ትነቅልላቸዋለች፣ ከጆሯቸው ጭጎጎት ታወጣላቸዋለች። እኛ አጥር ላይ ተደግፈን እንስቅባት ነበር። በመንዝና በአካባቢው ውሻ የበጎች ዘበኛ ነው፤ ጅብን ይከላከላል፣ ቀበሮን ያባርራል፣ ትራፊውን ይበላል፣ ደጅ ያድራል። ማን ነው ለእሱ ውሃ የሚያሞቀው?

አንድ ጊዜ ግን ተቆጣናት። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ ሕፃናት ለበረከት ይሮጡበታል። እሷም ሁለት ውሾች ይዛ ከሕፃናቱ መካከል ወጣች። ከእኛ አንዱ ይኸ በበዓል መቀለድ ነው ብሎ ጮኸባት። እሷም እየሳቀች፣ «ሩፋኤልን መንገድ ሙሉ የተከተለው ማን ነበረ?» አለችን። የሚመልስላት ጠፋ። ማታ መጽሐፈ ጦቢትን ከፍተን ብናነብ፣ መልአኩና የጦቢት ልጅ ሲሄዱ ውሻው አብሯቸው ሄዷል፤ ሲመለሱም አብሯቸው ተመልሷል። ጽድቁ የተመሰከረለት ጦቢት ደግሞ ሥራው ምን ነበር? የወደቀ ሬሳ አንሥቶ መቅበር። በኦሪቱ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው እንደ ርኩስ ይቆጠር እንደ ነበር እናውቃለን። ይሁንና ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር ፊት የደረሰለት እሱ ነው። ይኸን ያነበብነው እሷን ለመርታት ፈልገን ነበር፤ ተረትተን መጽሐፉን ዘጋን።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። በቀብሯ ዕለት የሕይወት ታሪኳን ጽፈን የምናነበው እኛ ነበርን። እናትየዋ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ስለ ሥራዋ አታንሡብኝ» አሉን። ለሰፈሩ ልጃቸው ክሊኒክ ትሠራለች ብለው ነበርና ሰዉ ሁሉ የሚያውቃት በሰው ክሊኒክ ነው። አጥር ላይ ተደግፎ ያያት ሰውም የከተማ ጨዋታ ነው እንጂ እንጀራዋ ነው አላለም። «የውሻ ልጅ» ስድብ በሆነበት፣ ክፉ አሟሟትም «የውሻ ሞት» በሚባልበት አገር፣ ልጃቸው በጧት ሳትነሣ ቀርታ ሳለ፣ የውሻን ስም ከስሟ አጠገብ ማን ያቆማል? እኛም እሺ አልናቸው። «በአዲስ አበባ በግል ሥራ ተሠማርታ ቤተሰቧን ስትረዳ ቆይታለች» ብለን ጻፍን። አንዳችን በሚያምር ድምፅ አነበበው።

ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድማችን፣ ዝም ማለት ሐሰት አይደለም፤ ያዘነችን እናት መታዘዝ ደግሞ ትእዛዝ ነው አለ። ይኸ ቀላል ክርክር አይደለም። አባትና እናትህን አክብር የሚለው ቃል የሌላውንም እናት ያካትታልና። ደግሞም ያልተነገረ ሁሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ የማንም የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ ባላለቀ ነበር። ሁላችንም እየመረጥን እንናገራለን። ነገር ግን የምንመርጠው ከምን የተነሣ ነው? ጊዜ ስለሚያንስ መተው አንድ ነው፤ ስላፈሩበት መተው ሌላ ነው። በጻፍነው ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ተደምሮ ግን ሌላ ሴት ቀበርን።

ይልቁንም የሚከብደው እሷ ራሷ አለማፈሯ ነው። ባታፍርበት እኛ አፈርንላት። ማን ፈቀደልን?

ይኸ በእጅ ሥራ ማፈር በእኛ አልተጀመረም። በእኛው በሰሜን ሸዋ ሸክላ የምትሠራውን እናት ቡዳ ናት ብለው ሲሸሿት፣ በሸክላዋ ግን ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ማረሻውን የሚሠራውን ቀጥቃጭ እየሰደቡ በማረሻው ያርሳሉ። በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ዩኒቨርስቲ ገብተን ስለ ሰው ክብር ፈተና የምንጻፍ እኛ፣ ያንን አዋጅ በአንዲት የእኅታችን ቀብር ላይ ጣስነው፤ አልሰደብናትም፣ ግን ስድቡን ፈርተን ሸሸግናት። ተሳዳቢው ቢያንስ ሥራዋን ጠርቶ ነው የሚሰድባት።

ውሻ በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ እኛም ይግባ አንልም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ዮሐንስም በራእዩ መጨረሻ ውሾችን ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ያቆማቸዋል፤ ነገር ግን የተናገረው በግብራቸው ስለ ከፉ ሰዎች መሆኑን ተምረናል። የውሻው እርኩሰት ወደሚያጥበው እጅ ይተላለፋልን? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው እንደ ሆነ አስተምሯል። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከነናዊቱ ሴት ከማዕድ በታች ባሉት ቡችሎች ራሷን መስላ የልጇን ፈውስ አግኝታለች። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መጻፋቸውን ቀድሞ ልብ አላልነውም ነበር።

በቀብሩ ላይ የሆነውን ደግሞ እንናገር። ወረቀታችን ተነብቦ እንዳለቀ፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ከለቀስተኛው መካከል ተነሥታ ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች። በልቅሶዋም ውሻ አጣቢዋ፣ ልጄን ያጠብሽልኝ እያለች ጠራቻት። (ደረት መምታት እንደማይገባ ተምረናል፤ ግን በዚያን ሰዓት ሊገሥጻት የደፈረ አልነበረም።) ሰዉ ጸጥ አለ። እኛ መሬት መሬት አየን።

የሴትዮዋ ነገር ይኸ ነው። ካቻምና ልጇን አንድ ያበደ ውሻ እግሩን ነከሰው። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስደው፣ ጎረቤቱ ሥር ሊያጠጣው ሲሯሯጥ፣ ለበዓል መጥታ የነበረችው እኅታችን ልጁን ነጥቃ ሳሙና አመጣች። ቁስሉን በሚፈስ ውሃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጠበችው፤ ልጁ ሲጮኽ አልተወችውም። ቀጥላም በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሳ ክትባቱን አስጀመረችው፤ ጠበሉንም አልከለከለችም። የዚህ በሽታ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በመታጠብና በክትባት ይከለከላል፤ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ቢባል ይቀላል። የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ንክሻ የመጣ ነው። በጓሳ ያለው ቀይ ቀበሮ እንኳ ከሰፈር ውሻ በሚተላለፍ በዚሁ በሽታ ያልቃል፤ በአገራችን የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ ይነገራል። እሷም ይኸን ስለምታውቅ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ውሻ ሊከትቡ በመጡ ጊዜ ውሾቹን አቅፋ ትይዝላቸው ነበር። ልጁ ዛሬ አራተኛ ክፍል ነው። ዕውቀቱን ያገኘችው ከየት ነው? እኛ ከሸሸግነው ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ድንገት መሞቷን አንሥተው፣ ንስሐ ሳትገባ፣ ሥጋ ወደሙ ሳትቀበል ሄደች እያሉ ማሽሟጠጣቸውን ሰምተናል። ይኸ የነፍስ አባቷ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዳችን መዘጋጀት እንደሚያስፈልገን እናምናለን፤ በሌላው ዝግጅት ላይ ግን ፈራጅ አልተደረግንም። ወደዚህ ከዚህ በላይ አንገባም።

የቀረው የእናትየዋ ነገር ነው። እውነቱን እንናገር ብንል፣ በሳቸው ኀዘን ላይ የራሳችንን ኅሊና ልናሳርፍ አይደለምን? ይኸ ጥያቄ ብዙ አከራከረን። እውነት ለመናገር የሟች እናት ፊት መቅላት ካለበት፣ ምናልባት እውነቱ መቆየት ይችል ይሆናል ያለች እኅት ነበረች። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ሳንጠይቃቸው አንድ ቃል እንዳንጽፍ ነው።

በአርባዋ፣ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ፣ እንግዳው ሲበተን ቀረን። አዲስ የጻፍነውን ወረቀት ይዘን፣ «እማማ፣ ይኸን እናንብብልዎትና ቢፈቅዱ በመጽሔታችን እናውጣው» አልናቸው። አነበብንላቸው። ምንም አልተናገሩም። ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር ሻንጣ አወጡ፤ ከአዲስ አበባ ከልብሷ ጋር የመጣ ነው። ከውስጡ ሁለት መቀስ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ አንድ የብረት ማበጠሪያና አንድ ብሩሽ ወጣ። በብሩሹ ላይ ነጭ ፀጉር ተጠምጥሞበታል፤ የማን ውሻ እንደ ሆነ አይታወቅም።

«ይኸን ምን ላድርገው?» አሉን።

ምን ብለን እንመልስ? ደጅ የቤቱ ውሻ ተኝቶ ነበር፤ ከዘመን መለወጫ ወዲህ የነካው ሰው የለምና ጆሮው በጭጎጎት ተሞልቷል። ሁለታችን ያዝነው፤ አንዷ እኅታችን ማበጠሪያውን ከጀርባው ጀመረች። እጃችን አላወቀበትም፤ ውሻው አጉረመረመ፣ ሊያመልጠንም ታገለ። እናትየዋ በሩን ተደግፈው ቆመው ጥቂት ካዩን በኋላ፣

«እንዲያ አይደለም፤ እሷ ከጆሮው ነበር የምትጀምረው» አሉን።