ስቱኮውን አስቀምጠው፣ ልጄ

አያትህ ይነዱት የነበረውን ላንድሮቨር ከግቢው ጥግ አውጥተህ ራስህ ልታድሰው መነሳትህን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ስቱኮና ቀለም ገዝቶ ገብቷል ሲሉኝ ግን ትንሽ ሰጋሁ። እባክህ፣ ለጊዜው ሁለቱንም መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። አንተ ገና መጀመሪያው ላይ ነህ።

በቅድሚያ የያዝከውን መኪና እወቀው። ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። እንግሊዞች ገና ከጦርነት መውጣታቸው ነበር። ብረት በራሽን ነው የሚታደለው፤ አሉሚኒየም ግን ከአውሮፕላን ሥራ የተረፈ ሞልቷቸዋል። ስለዚህ አካሉን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ያንተው ሲሪስ 3 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠሩት አንዱ። የእሱም አካል ያው አሉሚኒየም ነው። ሰው ይህን ይዞ «ላንድሮቨር አይዝግም» ይልሃል። አትስማ። ሻንሲው ብረት ነው። በሞተሩና በነጂው መካከል ያለው ግድግዳም ብረት ነው። በሮቹ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው፤ እግርህንም የምታሳርፈው እሱ ላይ ነው። ጎኑ ሳይበላሽ ሆዱ ሊያልቅ ይችላል። ላንድሮቨር ብዙ ሰው የሚያታልለው በዚህ ነው፤ አንተ ግን አትታለል።

ሻንሲው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ከሚወፍር ላሜራ የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ ሣጥን ነው። ጭቃና ውሃ ይገባበታል። የገባው ጭቃ እዚያው ይቀራል፤ እርጥበቱን ይዞ ክረምቱን ይከርማል። ስለዚህ ዝገቱ የሚነሳው ከውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ብረቱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከውጭ ደህና መስሎ መታየቱ ምንም አይነግርህም።

ትንሽ መዶሻ ያዝ። ከፊት ጀምረህ እስከ ኋላ ድረስ ሻንሲውን ቀስ እያልክ ምታው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የታፈነበት ቦታ ላይ ጠመኔ አድርግ፤ ከዚያ ካቻቢቴ አምጥተህ ግፋው። ካቻቢቴው ከገባ እዚያ ብረት የለም። በተለይ ከኋላ ያለውን አግዳሚ፣ አካሉን የሚሸከሙትን የጎን ክንዶች፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎቹን ደጋግመህ ምታ። አትቸኩል፤ አንድ ሙሉ ቀን ቢወስድብህም ይውሰድ። ምልክት ያደረግህባቸውን ቦታዎች ስትቆጥር ታዝን ይሆናል። ግዴለም፣ እዘን። ዛሬ ማዘኑ ይሻላል።

ስቱኮ የጠላሁበትን ምክንያት ልንገርህ። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከብረቱ ይበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ከላይ በስቱኮና በቀለም ስትሸፍነው አይቆምም። ከስር ማበጡን ይቀጥላል፤ ቀለሙን ያነሳዋል፣ ስቱኮውን ይሰነጥቀዋል። በተሰነጠቀው በኩል ውሃ ይገባል፤ የገባው ደግሞ መውጫ ያጣል። ጥርስ ሐኪም የበሰበሰውን ሳይጠርግ አይሞላም። አንተም ጤነኛው ብረት እስኪመጣ ድረስ ጥረግ። ሰፊ ቀዳዳ ቢወጣ አትደንግጥ። ቀዳዳ በላሜራ ይዘጋል፤ የተሸፈነ ዝገት ግን አይድንም።

ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም፣ ልጄ። አንድ ቀን ወደ ጎጃም ትሄድ ይሆናል። ጭነት ይዘህ፣ ቤተሰብ ይዘህ የዓባይን በረሃ ትወርዳለህ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ባሌስትራውን የያዘው ብረት ስቱኮ ሆኖ ቢገኝ ምን ይውጥሃል? ደግሞም መኪናውን ትሸጠው ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሮጌ መኪና ፈልጎ በር የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ቀለምህን አምኖ ይገዛል። ልጆቹንም ይጭንበታል። አንተ የደበቅከውን እሱ አያውቅም።

ስትፈታ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትፍታ። ይህን ደጋግሜ ብልህ አትቀየመኝ። ወጣት ሰው መፍታት ይወዳል፤ ቶሎ ውጤቱ ይታያልና። መግጠም ግን ወራት ይፈልጋል። በየግቢው ፈርሰው የቀሩት መኪኖች ይታደሳሉ ተብለው የተፈቱ ናቸው። ዝናብ ይመጣል፣ ቡሎኑ ይጠፋል፣ መብራቱን ዘመድ ይወስደዋል፣ መጨረሻው ምናለሽ ተራ በኪሎ መሸጥ ነው። አንድ ክፍል ፍታ፣ እሱን ጨርስ፣ ግጠም፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ። በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት መድብለት፤ የመደብከውንም አክብር። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቡሎንና ዳዶውን በየቆርቆሮው ለይ፣ ከየት እንደወጣም በወረቀት ጻፍበት። አስታውሰዋለሁ አትበል፤ ሦስት ወር ካለፈ ማንም አያስታውስም።

ቁልፍህንም እይ። የዚህ መኪና ቡሎኖች አብዛኞቹ የሚለኩት በኢንች ነው። 13 ቁልፍ ግማሽ ኢንቹ ላይ ይገባልሃል፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው። በዚያች ክፍተት የስንቱ ቡሎን ራስ ተላጨ! የኢንች ቁልፍ ግዛ ወይም ተዋስ። የዛገ ቡሎን እምቢ ሲልህ በጉልበት አትታገለው። ናፍታ ወይም ላምባ አጠጣው፣ አሳድረው፣ ማታም ጠዋትም ጨምርለት። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት፣ ቀጥሎ ወደሚላላበት አዙረው።

ለትናንሽ የዛጉ ብረቶች ርካሽ መድኃኒት አለ። ሞላሰስ ፈልግ፤ ወንጂና መተሐራ ስኳር ሲጣራ የሚተርፈው፣ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች የሚገዙት። አንድ እጅ ሞላሰስ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ ብረቱን ንከረው። አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሽታው ደስ አይልም፤ ጤነኛውን ብረት ሳይጎዳ ዝገቱን መብላቱ ግን ያስገርማል። ሲወጣ በውሃ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀህ ፀረ ዝገት ቀባው፤ ካሳደርከው እንደገና ይዝጋል። አሉሚኒየም ግን እንዳትጨምርበት፤ ይበላዋል።

አሉሚኒየም ካነሳሁ፣ ከብረት ጋር በተገናኘበት ቦታ ነጭ ዱቄት ታያለህ። ሁለቱ ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲኖር የሚጎዳው አሉሚኒየሙ ነው። ስትገጥማቸው ሁለቱንም ቀባ፤ በመካከላቸውም ስስ ጎማ አድርግ። ፋብሪካው ባያደርገው አንተ አድርገው።

የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ የፊተኛው ባሌስትራ በታሰረበት አካባቢ ተመትቷል። አደራህን፣ ግራይንደር ወደዚያ እንዳትወስድ። በብረት ብሩሽ በቀስታ ጠርገህ አንብበው፣ ከሊብሬው ጋር አመሳክረው፣ ፎቶም አንሳው። ያ ቁጥር ከጠፋ መኪናው ቢያምርም ለምርመራ ሲቀርብ ማን መሆኑን ማስረዳት አትችልም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትግባ። ግቢህ አፈር ነው፤ አፈር ይሰምጣል፣ ክሪክ ይዘማል። ወፍራም ጣውላ አንጥፍ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ በአራቱም በኩል አስገባ። ብሎኬት አትጠቀም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከመግባትህ በፊት መኪናውን ወዘወዝ አድርገው። መውደቅ ካለበት አንተ ውጭ ሆነህ ይውደቅ። ብቻህንም አትሥራ፤ ድምፅህን የሚሰማ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ፍታ። የቤንዚን ሰርባቶዮውን አውጥተህ ከግቢው ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፤ ያንተው ከፊት ወንበር ስር ነው ያለው። ባዶ ነው ብለህ አትዘናጋ። የሚፈነዳው በባዶው ውስጥ የቀረው ትነት ነው። ሰርባቶዮው ራሱ ቀዳዳ ቢኖረው በቤት አታስበይደው። ነጭ ዚንክ የተቀባ ብረት የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ዚንኩን መጀመሪያ ፍቀህ አንሳ፤ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ሻንሲውን የሚበይደው የለመደ በያጅ ይሁን። አንተ ማጽዳቱን፣ መቁረጡን፣ መለካቱን ሥራ፤ እሱ ይበይድ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አካልህ በዚያ ብየዳ ላይ ነው የሚጓዘው።

የፍሬን ታምቡሩን ስትከፍት የሚወጣውን አቧራ በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ሳንባ ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ ተጠቀም፤ ጨርቁን በላስቲክ አስረህ ጣል። አሲድም ሆነ የፍሬን ዘይት በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጥ። የእህትህ ልጆች እዚያ ግቢ ይጫወታሉ፤ ልጅ ሲጠማው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልጨነቅም። 2,286 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ታጋሽ ሞተር ነው። ብቻ ለዓመታት ቆሟልና በባትሪ ልታስነሳው አትቸኩል። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምር፣ ጥቂት ቀን ተወው። ከዚያ በማኖቬላው በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። እምቢ ካለ ዘይት ጨምረህ እንደገና ጠብቅ። የተጣበቀ ፋሻ በስታርተር ጉልበት ሲላቀቅ ይሰበራል፤ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ይቧጥጣል። የቆየውን ቤንዚን ድፋ፣ ካርቡራተሩን እጠብ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ስትመልስ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው።

የሚጎድለው ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ግን አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ። በቃል የተገለጸ ዕቃ ይሳሳታል። የፍሬን ጎማዎችን ግን አሮጌ አትግዛ፤ ሌላው ላይ ቆጥብ። ፍሬኑ ውስጥም የፍሬን ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት አይግባ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ፍሬኑም ይይዛል ወይም ይከዳሃል።

ሲነሳልህ ወዲያው አስፋልት አትውጣ። ግቢ ውስጥ ፍሬኑን ደጋግመህ ሞክር፣ ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ። ጥቂት ኪሎሜትር ነድተህ ተመለስና የቸርኬውን፣ የባሌስትራውን፣ የመሪውን ዳዶዎች አጥብቅ፤ አዲስ የታሰረ ነገር ይላላል። ጭቃ መንገድ በሄድክ ቁጥር ደግሞ ያንኑ ቀን ሆዱን እጠብ፤ ቱቦውን የሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብተህ ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ልቀቅ፣ ከስር ያሉት የውሃ መውጫዎች አለመደፈናቸውንም በሽቦ ወግተህ እይ። ሻንሲውን በመዶሻ ከፈተሽክ በኋላ ጠመኔ የነካበትን ሁሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው ተቆርጦ እንደሚቀየር አብረን እንለያለን።