ቃጫው፣ ሽቦውና ባለእጁ

የሰው ልጅ ከአፈር መበጀቱን መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ያስተምራሉ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ መሆኑን ያብራራሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት ማንኛውም ቁስ በተፈጥሮው የተናቀ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ እነዚህኑ አራት ባሕርያት በእጁ እያገናኘ ሸክላ የሚሠራውና ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ባለእጅ እየተባለ ለዘመናት ሲገለል መኖሩ፣ ነውሩ የተጫነው በቁሱ ላይ ሳይሆን በሠሪው ላይ እንደነበር ያሳያል። ከወዳደቀና ከተፈጥሮ ቁስ አዲስ ሥራ የሚፈጥሩ የዘመኑ የጥበብ ሰዎች የሚቀሰቅሱት ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁሱ ሲከበር ያበጀው እጅስ አብሮ ይከበራል ወይ?

ፈረንሳዊው የጥበብ ሰው ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 ከሱቅ የተገዛ የመሽኛ ገንዳ ለዐውደ ርእይ ሲያቀርብ፣ አንድን ዕቃ የጥበብ ሥራ የሚያደርገው የሠሪው እጅ ሳይሆን የመራጩ ፈቃድ ነው የሚል መልስ መስጠቱ ነበር። የኢትዮጵያዊው የጥበብ ሰው የኤልያስ ስሜ መንገድ ግን ከዚህ ይለያል። ኤልያስ ከመርካቶ የተሰበሰበውን የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አካል እንዳለ አያቀርበውም፤ ሽቦው በእርሱና በረዳቶቹ እጅ ተጎንጉኖ፣ በእንጨት ገበታ ላይ በጥቃቅን ምስማር እየተያያዘ፣ ከሩቅ ለሚያየው ከአውሮፕላን ላይ የታየ ማሳ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ የታየው ይህ ጥበቡ፣ ከጉራጌ አገር የፈለሱ ሙያተኞችና ነጋዴዎች ብዙ ድርሻ ባላቸው በመርካቶ፣ በተለይም አሮጌ ጎማ በረባሶ በሚሆንበት በምናለሽ ተራ፣ ቀድሞም ከሚታወቀው የተረፈን ነገር መልሶ የመጠቀም ልማድ የራቀ አይደለም።

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጓሮዎች ይህ ልማድ የሚጀምረው ከእንሰት ነው። ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ልጥ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ዘርግተው በቀርከሃ ስንጥቅ ሲፍቁት፣ ለቆጮ የሚብላላው ክፍል ወደ ታች ሲወርድ፣ ከእጃቸው የሚቀረው ነጭ ጭረት ቃጫ ይባላል፤ እርሱም ደርቆ ገመድ ይሆናል። ከምግብ የተረፈ ነገር ቤት የሚያስር መሆኑ፣ ትርፍና ዋና የሚባለው ክፍፍል ከተፈጥሮ ሳይሆን ከሰው አስተያየት የመጣ መሆኑን ከየትኛውም የፍልስፍና ድርሳን ባልተናነሰ ያስረዳል።

የጉራጌ ቤት ታሪክ ግን ክብር ብቻ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሰፊው እንደተመለከተው፣ ጣሪያውን በሙሉ የሚሸከመውን ምሰሶ የሚያበጁት፣ ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠረው ፉጋ በሚለው ስም ይጠሩ የነበሩት የእንጨት ሙያተኞች፣ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ይህ በደል ቀላል አይደለም፤ ምሰሶውን ያበጀውን ሰው ከማዕዱ ማራቅ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ አፈር ነው ከሚለው እምነት ጋር በምንም መንገድ አይታረቅም።

ዛሬም ቁሱ ብቻ ከፍ ብሎ ሙያተኛው እንዳይረሳ ያሰጋል። ኤልያስና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በዚህ ረገድ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጭቃና ጭድ የሚያቦካው ነባር እውቀት እዚያ ግድግዳ ሆኖ፣ በውስጡ ከሚሰቀለው ሥራ ጋር እኩል እንዲታይ ተደርጓልና። የወልቂጤና የቡታጅራ አዳዲስ ቤቶች በብሎኬትና በቆርቆሮ እየተሠሩ፣ የሣር ክዳኑ ቤት ወደ ባህል ማሳያነት እያዘነበለ በሄደበት በአሁኑ ጊዜ፣ ምሰሶ ለእይታ በሚቆምበት ሁሉ ከጎኑ በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ ከቤቱ ባለቤት ስም ጋር የጠረበው ሙያተኛ ስም መስፈር ይኖርበታል።