ጎተራ የሌላት ባለ ስንቅ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ወፎች ለነገ ላለመጨነቅ አብነት ሆነው ቀርበዋል፤ በጎተራ እንደማይከቱም ተጠቅሷል። ታዲያ በእንግሊዝ አገር ጓሮ የምትታየው ማርሽ ቲት ምን ልትባል ነው? 12 ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ወፍ የሱፍ ፍሬ ስታገኝ አንዷን በምንቃሯ ይዛ ትበርና በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ትወሽቃታለች፤ ለሁለተኛዋ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። በአንድ ቀን መቶዎችን ልትደብቅ ትችላለች። ጎረቤቷ ብሉ ቲት ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለባትም። አማኝ እዚህ ላይ ያፍር፣ ተጠራጣሪም ይስቅ ይሆናል፤ ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለኛል።

በደመ ነፍስ የሚሠራ ነገር ከእምነት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያው ደመ ነፍስ ብቻ አይደለም። በ1989 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ምግብ በሚደብቁ ወፎች ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከማይደብቁት ይልቅ ከአካላቸው አንጻር ትልቅ ነው፤ ቦታ የሚታወሰውም በእሱ ነው። ወፏ ታስታውሳለች። ማስታወስ ግን መጨነቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የደበቀችውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ታነሳዋለች። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ካሰበው ባለጠጋ ቀጥሎ የሚጠራው ደግሞ ቁራ ነው፤ ቁራ ራሱ ምግብ ደባቂ መሆኑ አይገርምም? ባለጠጋው የተነቀፈው በማስቀመጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ራሱ በፈረሰ ነበር። «ሰው ልጅ አለው፣ ክረምት አለበት» ቢባል እውነት ነው፤ ገበሬ ለዘር የሚያስቀረው እህል ከወፏ ስንቅ ወገን ነው። በስንቅና በስስት መካከል ያለውን ድንበር በቁና መስፈር አይቻልም። ወፏ ግን ቁልፍ የላትም፤ ቶሎ ያላነሳችውን ፍሬ ሌላ ይበላዋል።