የኮኬን ሱስ የየትኛው ዘር ኃጢአት ነው?

አንባቢ ሆይ፥ የአንዱን ሰው ጥፋት በነገዱ ሁሉ ላይ መቍጠር ይገባልን? ብዙ ሰው «አይገባም» ብሎ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ነገር ግን ጥቂት ሳይቈይ «የእገሌ አገር ሰው መጠጥ ይወዳል» ሲል ይሰማል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በኮኬን ምክንያት የሆነውን እንመርምር።

ኮኬን ከኮካ ቅጠል የሚወጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) አልበርት ኒማን የሚባል ጀርመናዊ ለይቶ አወጣው፤ ከ1884 ዓ.ም. ጀምሮም ሐኪሞች ሥጋን ለማደንዘዝ ሠሩበት። ከእነርሱ አንዱ ዊልያም ሃልስቴድ በኒው ዮርክ ሳለ መድኃኒቱን በገዛ ሰውነቱ እየፈተነ በሱሱ ተያዘ። ይህ ሰው ነጭና የባለጠጋ ልጅ፥ በትምህርቱም የተመሰገነ ነበረ። ወደ ሕክምና ገባ፤ የሞርፊን ሱስም ተጨመረበት። እንዲህም ሆኖ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና አለቃ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ስሙ በክብር ይጠራል። የእርሱ መውደቅ የነጮች ሁሉ ነውር ሆኖ አልተቈጠረም።

በ1914 ዓ.ም. ግን አንድ ሐኪም በኒው ዮርክ ጋዜጣ፥ ኮኬን የወሰደውን ጥቁር ሰው ጥይት እንኳ አይጥለውም ብሎ ጻፈ። ወሬው ሐሰት ነበረ። ኮኬን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ወጣበት እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ደስታውና ሱሱም ከዚህ ይመነጫል፤ ይህም አሠራር በሰው ሁሉ አንድ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ዱቄቱን ከውኃና ከቤኪንግ ሶዳ ጋር አፍልተው ክራክ የሚባለውን የሚጤስ ኮኬን መሥራት ተስፋፋ። በጥቂት ዶላር ይሸጥ ስለ ነበረ ወደ ድሆች ሰፈር ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ ይዞ ለመሸጥ ባሰበ ሰው ላይ ቢያንስ 5 ዓመት እስራት ፈረደ፤ በዱቄቱ ግን ለዚሁ ፍርድ 500 ግራም ያስፈልግ ነበር። ከጥቁር እንደራሴዎችም አንዳንዶቹ ሕጉን ደግፈው ነበር፤ የሰፈራቸው ልቅሶ እውነተኛ ነበረና ልንፈርድባቸው አይገባም። ነገር ግን ክራክ ከሚያጨሱት የሚበዙት ነጮች ሲሆኑ፥ በ1990ዎቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከተፈረደባቸው ከአሥሩ ከስምንት በላይ ጥቁሮች ነበሩ። ፖሊስ የሚያስሰው በድሆች ጎዳና ነበር፤ በግቢ ውስጥ ተዘግቶ የሚያጨሰውን ማን ያያል?

«እንግዲያስ በአንዳንድ ሰፈር ሱሰኛ ለምን በዛ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሃልስቴድን የጣለው ነጭነቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ዘወትር በእጁ አጠገብ ነበረ። ሥራ ያጣው ጎልማሳም ከደጁ ሲወጣ ሻጩን ያገኝ ነበር። ልዩነታቸው ከወደቁ በኋላ ነው፤ ለአንዱ አልጋ፥ ለሌላው ወህኒ ተዘጋጀ።

በ2010 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሻለና የ100 ለ1 ልዩነት ወደ 18 ለ1 ወረደ። ይህ 18 የተባለው ቍጥር መድኃኒቱን መርምረው ያገኙት አይደለም፤ አንዳንዶቹ እኩል ይሁን ሲሉ፥ ሌሎቹ 20 ይሁን ሲሉ፥ በክርክር የተስማሙበት ነው። አስቀድሞ የታሰሩትም በዚህ ማሻሻያ እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው በ2018 ዓ.ም. ነበር።