የዲንሾ አጋዘንና የእኛ ጉዳይ

አንድን ፍጡር ከጥቃት እናድናለን ብለን ክልል ስንከልል፣ ከክልሉ ውጭ ለቀረው ጎረቤት ዕዳ የለብንምን? ነገሩን ከራሳችን ከመጀመር ከአጋዘን ብንጀምረው ሳንቆጣ ለመመርመር ይቀለናል።

በባሌ፣ ከሮቤ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዲንሾ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በአጠገቧ ካለው የጥድና የኮሶ ደን ከርከሮው፣ ድኩላውና የደጋ አጋዘኑ ሰውን ብዙም ሳይፈሩ ይወጣሉ። ለመንገደኛ ደስ የሚል ትርዒት ነው፤ ገብሱ በሌሊት ለሚበላበት ገበሬ ግን ሌላ ነው።

ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። አገሬው ሲያውቀው የኖረውን እንስሳ የአውሮፓ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1910 ባክስተን በተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ስም ሰየሙት። (ሟች በገዳዩ ስም ሲጠራ ምን ይባላል!) በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ምስሉ በ10 ሳንቲማችን ላይ ወጣ።

በ1962 ዓ.ም. ገደማ ፓርኩ ሲቋቋም ዋና ጣቢያው ዲንሾ ሆነ። ዓላማው መልካም ነበር፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን ከብቱን በዚያ ሣር ያሳደገ ሰው ሕጉን የሰማው ከዘበኛ አፍ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙ አጋዘን ተገደለ፤ የፓርኩም ንብረት ተዘረፈ። ሥጋ ፈልጎ የገደለ አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ግን ብዙው ሰው የተኮሰው በአጋዘን ላይ ሳይሆን በመንግሥት ንብረት ላይ ነበር። አጋዘኑ ሕግ አላወጣም፣ ወሰን አላሰመረም፤ ሣር ብቻ ጋጠ። በጠባቂው ላይ የተጠራቀመው ቂም ግን በእርሱ ላይ ወረደ።

እኛስ? እንቆጠራለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ራሽን ይሰፈርልናል። የዚህ አገር እረኛ የእህሉ መኪና በበሩ አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ያያል፤ ዛፉን ለማገዶ ስንቆርጥም ያያል። ስንሰፍር ፈቃዱን የጠየቀው ማን ነው? ከመካከላችን «ጠባቂ ድርጅት እያለን ጎረቤት ምን ያደርግልናል?» የሚሉ አሉ። አንስማማም። መኪናው የቀረ ዕለት የሚቀረን እረኛው ነው። ደግሞም አጋዘን ጎረቤቱን ቡና ጠጣ ብሎ ሊጠራ አይችልም፤ እኛ ግን እንችላለን።

ስለዚህ እንጠይቃችሁ፦ በውኃው ወረፋ ላይ የአገሩ እናቶች ከእኛ እናቶች ኋላ የሚቆሙት ለምንድን ነው? መልሳችሁን ለሚቀጥለው እትም በጽሑፍ ላኩልን።